መሙያ የሌለው የወርቅ ሰዓት

የሴት እጅ ሰዓት ውስጥ ምን እንዳለ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አታውቁም! ከላይ ወርቅ ነው፣ ከላይ መስታወት ነው፣ ከላይ ሽቶ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ብታዩት ግን የስንት ዓመት ላብ፣ ፓውደር፣ የሞተ ቆዳና የክሬም ቅባት አንድ ላይ ተቦክቶ እንደ ጆሮ ኩክ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ይህንን በቀጭን እንጨት እየፋቀ ኑሮውን የሚገፋ ሰው አለ።

ሰከንድ የምንላት የሃያ ሰባት ዓመቷ ሰዓት ሠሪ ግን እንዲህ ያለው እድፍ አንድም ቀን አስጠልቷት አያውቅም። «እድፍ አይዋሽም፤ ሰውዬው እጅ ላይ የነበረው ነው የሚወጣው» ትላለች። ስሙን ያወጣላት ሠፈሩ ነው። አባቷ ጋሽ ደቂቃ ናቸው፤ «አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ» ማለት ስለሚያበዙ ደቂቃ ተብለው ቀሩ። የደቂቃ ልጅ ታዲያ ሌላ ምን ትባላለች?

ሱቃቸው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ወደ መንገድ ከሚያወጣው ደረጃ ሥር ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ ሁለት በርጩማ። ሰው ሁሉ በራሳቸው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ ሰከንድ ደንበኞቿን መልካቸውን ሳታይ በኮቴያቸው ትለያለች። ፊት ለፊታቸው ልብስ ሰፊዋ አለች። ጥሩ ጎረቤት ናት፣ ያላትን ታካፍላለች፣ ሲታመሙ ትጠይቃለች። ግን ሰዓቷን አስጠግና ስትቀበል እስከ ዛሬ ድረስ ዙሪያውን በጣቷ ዳብሳ፣ አንድ ነገር እንዳልጎደለ አረጋግጣ ነው። ጋሽ ደቂቃ ያዩዋታል።

ለምን ትዳብሳለች? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እናምጣው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ጋሽ ደቂቃ ትልቁ ጎዳና ላይ ባለ መስታወት ሱቅ ነበራቸው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሀብታም ሴት የስዊዝ የወርቅ ሰዓቷ ቆሞባት ላከችላቸው። አጽድተው፣ ሞልተው መለሱ። በማግስቱ ሴትዮዋ ሁለት ፖሊስ አስከትላ መጣች። «የሰዓቴን የወርቅ መሙያ ነቅሎ ሰረቀኝ!» መሙያ ማለት ከሰዓት ጎን ላይ ያለችው፣ በሁለት ጣት ይዘን የምንጠመዝዛት ፍሬ ናት።

«እመቤቴ፣ ያ ሰዓት ጎኑ ላይ መሙያ የለውም። መሙያው ከጀርባው ነው» አሉ ጋሽ ደቂቃ።

ማን ሰምቷቸው! ሰዓቱ እሷ ቤት ቀርቷል፤ ገልብጠው የሚያሳዩት ነገር የለም። ፖሊሱ ብዕሩን እንደያዘ ይህችን ቃል እንኳ ሳይጽፍላቸው ቀረ። ጎዳናው ሁሉ እያየ በካቴና ተወሰዱ። ሦስት ቀን ታስረው፣ ማስረጃ የለም ተብሎ ተፈቱ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሳቸው ስም ግን ሰውዬው በሕይወት እያለ ተቀበረ። ደንበኛ ሸሸ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ለልጃቸው አልነገሩም። «ስሟን ብታውቂ ምን ይጠቅምሻል?» ይሏታል።

ሰከንድ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከእስር በተመለሱ በማግስቱ፣ ተኝተዋል ብላ የሥራ መሳቢያቸውን በረበረች። ያቺን የወርቅ ፍሬ ፍለጋ። አላገኘችም፤ አለማግኘቷም አላሳረፋትም። አድጋ ሰዓት ሠሪ ሆነች፣ ስንትና ስንት ሰዓት ከፈተች፣ ጎኑ ላይ መሙያ የሌለው ሰዓት ግን አንድም ቀን አላጋጠማትም። አባቷን ትወዳቸዋለች፣ ታከብራቸዋለች። ያቺ ጥርጣሬ ግን እንደ ትል ውስጧ ተኝታ ነው የኖረችው።

አንድ ወጣት መሐንዲስ እንግዲህ ወደዚህ ሱቅ ነው የወረደው፣ የዛሬ ስምንት ወር። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወርዶ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰከንድ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ሰማችውና «ይሄ እኮ ከእኔ ይሻላል፤ ምንም የለበትም» አለችው። ሰውዬው አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እሷን አያት። ጋሽ ደቂቃን አያቸው። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ይደር ብቻ» ብሎ ሄደ። እሷም በሆዷ «አቤት ዓይን አፋርነት፣ እንዴት ደስ ይላል!» አለች። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው፤ አልፈርድባትም።

ለጥገና የሚገባ ሰዓት ሁሉ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ይገባል። ፖስታው ላይ «ባለቤት»፣ «ብልሽት»፣ «ፊርማ» የሚል ታትሟል። መሐንዲሱ በየሳምንቱ ሐሙስ ያንኑ ጤነኛ ሰዓት ይዞ እየመጣ «ብልሽት» ከሚለው ፊት ለፊት ይጽፍላት ጀመር። «ከዚህ ሱቅ ሲርቅ አይሄድም።» «ሐሙስ ሲቃረብ ይፈጥናል።» «ባለቤቱ እንቅልፍ ስለሌለው እሱም አይተኛም።» ሠላሳ አንድ ፖስታ! ሁሉንም በጫማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ወደ ቤቱ ሊወስዳት ግን አልቸኮለም። እናቴ አሟታል፣ እናቴ እንግዳ አለባት፣ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው። ለቅዳሜ ምሳ ቀጠሮ የተያዘው በስንት ጉድ ነው። ያውም «ለእናቴ የሰዓት ነጋዴ ናት ብያታለሁ፤ ስለ አባትሽ ካልጠየቀችሽ አታንሺ፣ አደራ» ብሎ። ሰከንድን ቅር አላት። ግን የወደደ ሰው ስንቱን ይውጣል፤ ዋጠችው።

«ሂጂ የኔ ልጅ። ጥፍርሽን ግን በደንብ አጽጂ፤ ሀብታም መጀመሪያ የሚያየው ጥፍር ነው» አሏት ጋሽ ደቂቃ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ በእነ መሐንዲሱ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላስቲክ ለብሷል። የምግብ ጠረጴዛው ላስቲክ ለብሷል። የአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው አበባ ራሱ ላስቲክ ነው፤ አበባ እንዲመስል ሽቶ ተነፍቶበታል። የመሐንዲሱ እናት ወይዘሮዋ ጥፍራቸውን ተቀብተው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የሟች ባላቸው እኅት፣ የልጁ አክስት አለች፤ አፏ ሞልቶ የምታወራ፣ አገጯ በቅባት የሚያበራ ሴት። ሰከንድ ከአገጯ ላይ ዓይኗን መንቀል አቅቷት ተቸገረች።

«ዕቃውን ከየት ነው የምታስመጪው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ከብዙ ቦታ ነው እማዬ፤ ተያት ትብላ» አለ መሐንዲሱ ፈጥኖ። እሱ ራሱ አንድ ጉርሻ አልበላም። ግንባሩ በላብ ወዝቷል። ሰከንድ ጠረጴዛው ሥር እጁን ብትነካው በረዶ ነው። ስለ እኔ ተጨንቆ ነው ብላ አንጀቷን በላት።

ምሳው ሳያልቅ ወይዘሮዋ ተነሥተው ገቡና አንድ ሰማያዊ ሳጥን ይዘው ተመለሱ። «ይሄን ለምራቴ ብዬ ነው ያኖርኩት። እንደ ዛሬ ሰዓት እንዳይመስልሽ! ታሪክ አለው። ልጄ ተማሪ ሳለ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ተርጉሞልኛል» አሉና መነጽራቸውን አድርገው፣ ከታጠፈች ወረቀት ያነቡ ጀመር።

«ይህ ሰዓት የተነደፈው ሴት በሰው ፊት ሰዓት ማየቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ነው። ንድፉን ያወጣችው የጌጣጌጥ ሠዓሊ ናት። ገላውንና አምባሩን ሳትለያይ፣ እርሳሷን ከወረቀቱ ሳታነሣ፣ በአንድ መስመር ሳለችው። ቁጥር የለውም፤ ሁለት ቀጫጭን ቆጣሪዎች ብቻ አሉት። ያደረገችው ሴት ብርጭቆዋን ስታነሣ በጨረፍታ ታየዋለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው አምባር ይመስለዋል…»

ሰከንድ ሳጥኑ ውስጥ አየች። እውነቱን ለመናገር ውብ ነበር። የሞላላው ገላ ሳይታወቅ እየቀጠነ ሄዶ አምባር ይሆናል፣ አምባሩ ዞሮ ተመልሶ ገላ ይሆናል። የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ በሙያዋ እንኳ ልትለይ አልቻለችም። ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ወይዘሮዋ የመጨረሻውን መስመር አነበቡ።

«መስመሩን የሚያቋርጥ አንድም ነገር እንዳይኖር፣ መሙያው ከጎኑ ተነሥቶ ከጀርባው ተደርጓል።»

የዘረጋችው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ይህችን ቃል ታውቃታለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባቷ አፍ ስትሰማት፣ «እሺ አባዬ» ስትል፣ ሳታምናት የኖረች ቃል ናት። ሰዓቱን አንሥታ ጎኑን በጣቷ ዳበሰች፤ ልስልስ ያለ ነው፣ ምንም የለበትም። ገለበጠችው። ዙሪያዋ ጥርስ ያላት አንዲት ጠፍጣፋ ፍሬ ከጀርባው ቁጭ ብላለች። በፍሬዋ ዙሪያ የአሥራ ሁለት ዓመት እድፍ፣ ግራጫ ሆኖ፣ ቅባት ጠግቦ ተጋግሯል። ሰከንድን እድፍ ሲያስጠላት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

«ማነው የሚሞላልዎት?» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ይኸው ልጄ ነዋ! አባቱ ካረፈ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ቀን ሳያጓድል።»

መሐንዲሱ ሳህኑን እያየ ነው። አክስትየዋ ግን ሳቋ መጣ፤ ጉርሻዋን ሳትውጥ ጀመረች። «አይ የዚህ ሰዓት ነገር! ያን ቀን አስታወስሽው? ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ራሱ ነበር የሚሞላላት፤ እሷ መሙያው የት እንዳለ መች ታውቅና! ሲሞትባት ሰዓቱም ቆመ። ሠሪ ዘንድ ሄዶ ሲመለስ ጎኑን ብታይ ባዶ! ‹ተሰረቅሁ!› አለች። ፖሊስ፣ ጩኸት፣ ካቴና! ያኑ ዕለት ከሰዓት ይሄ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ገልበጥ ቢያደርገው ከጀርባው ቁጭ ብሏል! ‹ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው› አልኩ እኔ። ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሆዳችንን እስኪያመን! እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነው የምናወራው።»

«አክስቴ፣ ተይ በቃ» አለ መሐንዲሱ።

«ሰውዬውስ?» አለች ሰከንድ።

«የትኛው ሰውዬ?» አለች አክስትየዋ። የምሯን ነው፤ ሰው መኖሩን ረስታዋለች። በዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«በካቴና የታሰረው። ያኑ ዕለት ካወቃችሁ ያኑ ዕለት ተፈታ?»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዴት ብዬ የኔ ልጅ? ተመልሼ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበል? በሐዘን ላይ ያለሁ ሴት፣ የሰው መሳቂያ ልሁን? ደግሞ ያንን ባይሰርቅ ሌላውን አይተውም ነበር። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

እንግዲህ እኔ አንቱ ስላት የቆየሁት ለነጭ ፀጉሯ ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱታዬን አንሥቻለሁ።

ሰከንድ አፏ ውስጥ የነበረውን ናፕኪን ላይ ተፋችው። ሥጋው፣ ሽቶው፣ ላስቲኩ፣ የአክስትየዋ አገጭ፣ ሁሉም አንድ ላይ አስጸየፋት። «ሰውዬው አባቴ ነው» አለች።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ያየችው ልጇን ነው። «ነጋዴ ናት አላልከኝም?» አለችው። በቃ ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ገድላ የጣለችበት ሰው ልጅ ፊቷ ተቀምጣ፣ የከነከናት የሙያው ነገር ነው። ከዚያ ፈገግታዋን ከየት እንደሆነ አምጥታ ሰዓቱን ወደ ሰከንድ ገፋችው። «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው። ለአባትሽም አንድ ነገር እናደርግለታለን። ከእንግዲህ ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መሃል ይቅር ይባባላል።»

«እወስደዋለሁ። እጄ ላይ ግን አይደለም» አለች ሰከንድ እየተነሣች። «ሳይመሽ እመልሰዋለሁ። ካልመለስኩ፣ ፖሊስ መጥራት እንደሆነ ያውቁበታል።»

መሐንዲሱ ውጭ በሩ ላይ ደረሰባት። ክንዷን ሲይዛት ያ የምትወደው እጅ፣ ለስምንት ወር በሕልሟ ሳይቀር የያዘችው እጅ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቀፈፋት። አስለቀቀችው።

«ስሚኝ። የመጀመሪያ ቀን የመጣሁት ልነግራችሁ ነበር። እምልልሻለሁ! ስፈልጋችሁ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ወረድኩ፣ አየሁሽ፣ የአባትሽን እጅ አየሁ፣ አፌ ተያዘ።»

«በማግስቱስ? በሠላሳኛው ሳምንትስ?»

«ወደድኩሽ! ከወደድኩሽ በኋላ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? አጣሻለሁ ብዬ ፈራሁ። ጽፌው ነበር። ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት።»

«የፍቅሩን ግን አንዱንም አልቀደድከውም» አለች ሰከንድ። «ሠላሳ አንዱም ደርሶኛል።»

ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ያምራል ደግሞ፤ ሲያለቅስም ያምራል፤ ይህ ራሱ አናደዳት። «ልጅ ነበርኩ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ።

«እኔ አሥራ አምስት ነበርኩ። አንተ እውነቱን ይዘህ ዝም አልክ፤ እኔ ደግሞ እውነቱን አጥቼ የገዛ አባቴን ጠረጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ያንን ፍሬ ስታዞር ምን ታስብ ነበር? ንገረኝ! ምን ነበር የምታስበው?»

«መጀመሪያ መጀመሪያ እሳቸውን አስብ ነበር» አለ። «በኋላ… በኋላ ምንም።»

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። ሰከንድ በእግሯ ወደ ሱቋ ገሠገሠች። በመንገዱ ሁሉ ምራቋን ስትተፋ፣ አላፊ አግዳሚው ነፍሰ ጡር ናት መሰለኝ እያለ ዞሮ ያያታል።

ጋሽ ደቂቃ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የግድግዳ ሰዓት ይወለውላሉ። ሌላ ሥራ እጃቸው እምቢ ብሏል። ልጃቸው አንድም ቃል ሳትናገር የወርቁን ሰዓት መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

አላዩትም፤ ማየት አላስፈለጋቸውም። እየተንቀጠቀጡ ገለበጡት፤ አውራ ጣታቸው በቀጥታ ሄዶ ከጀርባው ያለችው ፍሬ ላይ አረፈ። አዞሯት። ጆሯቸው ላይ አስጠጉት።

«ይሄዳል። ደኅና ይዘውታል» አሉ። ከዚያም «መሐንዲሱ የእነሱ ልጅ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

ሰከንድ ጉልበታቸው ሥር ቁጭ አለች። እንባዋ ተዘረገፈ። «አባዬ፣ አላመንኩህም ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላመንኩህም። መሳቢያህን በርብሬያለሁ።»

«አይቼሻለሁ» አሉ ጋሽ ደቂቃ።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«አልተኛሁም ነበር። ካቴናው ያልፋል ብዬ ነበር፤ አንቺ መሳቢያዬን ስትከፍቺ ነው አንጀቴ የተቆረጠው። እነሱ አያውቁኝም፤ አንቺ ግን ልጄ ነሽ።» ፀጉሯን ዳበሱ። «ተይው አሁን፣ ልጅ ነበርሽ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ጠራ።»

ሰከንድ የዚያን ዕለት ከሁሉም የበለጠ የተጸየፈችው ራሷን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በታች ነበር። ፊቷን በአባቷ ሽርጥ ውስጥ ቀብራ፣ ኡኡ ብላ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ቀና ብላ ታያቸዋለች።

ያኔ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ሁለት ሁለት አልዘለለም፤ አንድ በአንድ ነው የወረደው። ሰከንድ ግን አወቀችው።

መሐንዲሱ ሱቁ ፊት ቆመ። ጎንበስ ብሎ፣ ለጋሽ ደቂቃ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት…» ሲል ጀመረ።

«አልተሰማም» አለች ሰከንድ እንባዋን እየጠረገች።

«እርስዎን… አባትሽን በድለናል…»

«አሁንም አልተሰማም። ሲታሰር ጎዳናው ሁሉ ሰምቷል። ጮክ በል!»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ደረጃ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ቆሙ፤ ከኋላቸው ሦስተኛ ተጨመረ። መሐንዲሱ ጥርሱን ነከሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ጣሪያው እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኸ። «እኚህ ሰው ምንም አልሰረቁም! እናቴ ዋሽታለች! ሰዓቱ እንደተሠራ ነው ያለው፣ ምንም አልጎደለበትም! እኔ ያኑ ዕለት አይቼዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቄ ዝም ብያለሁ!»

ጋሽ ደቂቃ «አንድ ደቂቃ ጠብቀኝ» አሉት። ሰዓቱን ለልጃቸው አቀበሏት። «ዙሪያውን እድፍ ይዞታል። አጽጂው፤ እንዲህ አድርገን አንመልስም።»

«አባዬ፣ እኔ አልነካውም! ይቀፈኛል!»

«ሰዓቱ ምን አደረገ?» አሉ። «የሳለችው ሴት ናት ይባላል፤ ስንት ለፍታበታለች።»

ሰከንድ ቀጭኑን እንጨት አነሣች። ማጉያ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ያንን ግራጫ ጭቅቅት ከፍሬዋ ጥርሶች መሃል አንድ በአንድ ፋቀችው። ወርቁ ብቅ ሲል አባቷ አንድ ባዶ ፖስታ ወደ እሷ ገፉ። «ጻፊ» አሉ። «ብልሽት፦ የለበትም። መሙያው ከጀርባው ነው።»

ያቺው ቃል ናት፤ ፖሊሱ አልጽፍም ያላት። ሰከንድ በትልልቁ ጻፈቻት። ፖስታውንም ብዕሩንም ወደ መሐንዲሱ አዞረችለት። «ፊርማ» ከሚለው ፊት ለፊት ፈረመ። ጋሽ ደቂቃ ፖስታውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ሰዓቱን በጥጥ ጠቅልለው ሰጡት። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ ተሻግራ መጥታ የገዛ ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ትንሽ ይዘገይብኛል ጋሼ፤ ሲመችዎት» አለችና፣ ዓይናቸውን ማየት አፍራ፣ ተመልሳ ሄደች።

መሐንዲሱ አልሄደም። «እኔስ?» አለ ሰከንድን። «ልጠብቅሽ?»

«የመጠበቁን ነገር አባቴን ጠይቀው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆ ያውቅበታል» አለችው።

ዞሮ ወጣ። ሰከንድ ቤንዚን አፍስሳ እጇን ታጠበች። ደገመች። የጫማ ሳጥኑ ጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካት፤ አልከፈተችውም፣ አልጣለችውምም። ከራሷ በላይ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ ብዙ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ኮቴ መሃል የእሱን፣ አንድ በአንድ የሚወጣውን፣ እስከ መጨረሻው ደረጃ ለይታ ሰማችው። እንዲህ ለይታ ማወቋ አስጠላት። መስማቷን ግን አላቆመችም።